ጸሎት የማይሰብረው እምቢታ

በፎገራ ሜዳ ስለ ዝናብ መጸለይ ከሌላው አገር ይከብዳል። ሌላው አገር ዝናብ ሲጠፋ ይለመናል፣ ሲመጣ ይመሰገናል፣ በዚሁ ያበቃል። ፎገራ ላይ ግን ያው አንዱ ውኃ ለአንዱ ጎረቤት እህል፣ ለሌላው ጥፋት ነው። ከጉና ተራራ የሚነሱት ርብና ጉማራ፣ አንዱ ከወረታ በስተሰሜን ሌላው በስተደቡብ አልፈው ጣና ይገባሉ። ዳገቱን ሲወርዱ ጉልበት አላቸው፤ ሜዳው ላይ ሲደርሱ መሬቱ ለጥ ያለ ስለሆነ ይዝላሉ፣ ያመጡትን ደለል እዚያው ይጥላሉ። ነሐሴ ላይ ጣና ሲሞላ ደግሞ መግቢያ ያጡና ማሳውና መንደሩ ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ የሆነውን የፎገራና የሊቦ ከምከም ሰው አይረሳውም። ብዙ ሺህ ሕዝብ ቤቱን ለውኃው ለቆ ወጥቷል፣ ከብት ተወስዷል፣ ቡቃያ ቆሞ በስብሷል።

ሩዙን ያመጣውም ይኸው ውኃ ነው። ድሮ ውኃው እስኪሸሽ ተጠብቆ ጓያና ሽምብራ ይዘራበት፣ ስመ ጥሩው የፎገራ ከብት ይግጥበት የነበረው ረግረግ፣ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ያለበት የሩዝ ሙከራ ከተጀመረ ወዲህ ሌላ መልክ ያዘ። ገበሬው ለረጅም ጊዜ ሲዘራው የኖረው ዝርያ «ኤክስ ጅግና» እየተባለ የጅግና መንደርን ስም ይዞ ቀርቷል። ወረታ ከተማ ገብቶ የሩዝ መፈልፈያ ድምፅ ሳይሰማ የሚወጣ መንገደኛ የለም፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ነው። ዛሬ ሐምሌ ላይ ውኃ ያልተኛበት ረግረግ ባለቤቱን ያስለቅሳል።

በዚያ ሜዳ ምህላ ላይ ቆሜ አውቃለሁ። ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንዳንዱ ድንጋይ ተሸክሞ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገብቶ «እግዚኦ» ይላል፤ ካህኑ 41 እስኪሞላ በጣታቸው ይቆጥራሉ። ከፊቴ ሁለት ሰዎች ቆመው ነበር፤ አማቾች ናቸው። የታላቁ መሬት ወደ ሐይቁ ዝቅ ያለ ነው፤ ሩዙን ዘርተው ዝናቡ ተቋርጦባቸዋል። የታናሹ ጉማራ ዳር ነው፤ ወንዙ ትንሽ ከጨመረ ዳጉሳው ብቻ ሳይሆን ቤቱም አይተርፍለትም። ምህላው አብቅቶ ሕዝቡ ሲበተን ታናሹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አያ፣ እርስዎ ይጨምር ይላሉ፣ እኔ ይብቃ እላለሁ። ማንን ይስማ?» አለ። ታላቁ ብዙ አላሰቡም። «የሚበጀውን እሱ ያውቃል። አንተ ብቻ ከመጥራት አትቦዝን።»

ይህ ሁላችንም የምንሰጠው መልስ ነው፤ ብዙ መጽናኛም አለበት። ግን ረጋ ብሎ ለተመለከተው፣ ስለ አምላክ ያሉን የማይስማሙ ሐሳቦች ሁሉ በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ ተጨናንቀዋል። የሚበጀውን ካወቀ ለምን ይለመናል? ከተለመነ በኋላ ሐሳቡን የሚለውጥ ከሆነስ ቀድሞ የሚበጀውን አያውቅም ነበር ማለት ነው? ጥያቄው የአዋቂ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሰው አምላኩን እንዴት እንደሚያስበው ከምህላ ሲመለስ አካፋውን ማንሳት አለማንሳቱን ይወስናል፤ ከባላንጣው ጋር መታረቅ አለመታረቁንም ይወስናል።

ብዙዎቻችን በልባችን የያዝነው ሁሉን ጽፎ የጨረሰ አምላክ ነው። ያለ እሱ ፈቃድ ቅጠል አይረግፍም እንላለን። ልጅ ሲሞት ቀኑ ደርሶ ነው፤ ጎርፍ ሲወስድ የተጻፈ ነው፤ ትዳር ሲፈርስ ዕጣ ክፍሌ ነው። ይህ አነጋገር ኀዘንተኛን ደግፎ ያቆማል፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፣ እኔም ከለቅሶ ቤት ልነቅለው አልፈልግም። እስከ ጫፉ ሲሄዱበት ግን ጸሎትን ባዶ ያስቀረዋል። ዝናቡ የሚዘንብበት ሰዓት የተቆረጠ፣ እኔም የምለምንበት ሰዓት የተቆረጠ ከሆነ፣ ልመናዬ የተጻፈልኝን ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻ ነው። የፕሮቴስታንቱ መምህር ጆን ካልቪን በ16ኛው መቶ ዓመት ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ ወስዶ የሚድነውም የሚጠፋውም አስቀድሞ ተወስኗል ብሎ አስተምሯል፤ ሆኖም ራሱም ጸሎትን አልተወም፤ አምላክ ሊሰጥ የወሰነውን በልመናችን በኩል ሊሰጥ ወድዷል ብሎ ስለ ጸሎት በሰፊው ጽፏል። በእስልምናም ሙዕተዚላዎች የሚባሉት ሊቃውንት ሰው የሥራው ባለቤት ራሱ ነው ሲሉ፣ በ10ኛው መቶ ዓመት ያረፉት አቡል ሐሰን አል-አሽዐሪ ሥራውን የሚፈጥረው አላህ ነው፣ ሰው ግን በምርጫው የራሱ ያደርገዋል፣ ስለዚህም ይጠየቅበታል አሉ። ክርክሩ ለሊቃውንት ይቆይና፣ ነቢዩ ግመሉን ሳያስር በአላህ ለተመካው ሰው መጀመሪያ እሰር ማለታቸውን ያልሰማ ሙስሊም የለም። ወረታ ገበያ «ኢንሻ አላህ» የሚለው የሩዝ ነጋዴ የጆንያውን አፍ ሳይሰፋ መኪና ላይ አይጭንም።

ሌላም አምላክ በልባችን አለ፤ የሚደራደረው። «ሩዜን አትርፍልኝ፣ ጃንጥላ አስገባለሁ» የምንለው። ስእለትን አልነቅፍም። ከጥልቅ ችግር ውስጥ የሚወጣ፣ ሰው ያለውን ሁሉ ለመስጠት የሚዘጋጅበት ጩኸት ነው፤ ስእለቱ ደርሶለት እያለቀሰ መጋረጃ ይዞ የሚመጣን ሰው አይቶ ልቡ የማይነካ ማን ነው? የማልቀበለው ስእለቱ ንግድ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ እነዚያ ሁለት አማቾች ጨረታ ላይ የቆሙ ይሆናሉ፤ ትልቅ ጃንጥላ የተሳለ ዝናቡን ይወስዳል። በዚህ ሐሳብ ሰውየው ራሱ ምንም መለወጥ አይጠበቅበትም። መንቀሳቀስ ያለበት አምላኩ ብቻ ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ከሁለቱም የራቀ ነው። ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት እየተባልን ነው ያደግነው፤ ማለትም የምታስብ፣ የምትናገር፣ ሕይወት ያላት፣ የምትመርጥም ናት። ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ የሆነው ሲራክ በ15ኛው ምዕራፉ ለሰው እሳትና ውኃ ፊቱ እንደ ተቀመጡለት፣ እጁን ወደ ወደደው እንደሚሰድ ይናገራል። ርብ ዳር ላደገ ሰው ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም። ይህችው ቤተ ክርስቲያን ግን በመስተብቍዕ ጸሎቷ ስለ ዝናምም ስለ ወንዞች ውኃም ትለምናለች። የሰው ፈቃድ ነጻ ነው የምትለውም፣ ሁሉን ከአምላክ የምትለምነውም እሷው ናት። ሁለቱ እንዴት ይገጥማሉ ለሚለው፣ ከብዙ የሊቃውንት ሙግት ይልቅ ለእኔ የሚመልስልኝ ጣና ዳር የጸለየች የአንዲት እናት ታሪክ ነው።

ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ የ15ኛው መቶ ዓመት ሴት ናት። ትውልዷ ሸዋ ቡልጋ ነው፤ ባለትዳርና የልጆች እናት ነበረች። ገድሏ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር ሳይሸሽግ ይተርካል። በቁጣ ተነሥታ በአገልጋይዋ አፍ እሳት ጨመረች፤ አገልጋይዋም ሞተች። ደንግጣ ወደቀች፤ ይህችን ሴት ካስነሣህልኝ ዓለምን ትቼ እከተልሃለሁ ብላ ተሳለች። ሴቲቱ ተነሣች፤ እሷም ቃሏን ጠብቃ ባልና ልጆቿን ትታ ደብረ ሊባኖስ ሄደች፣ ከዚያም ጣና ዳር ወዳለው ጓንጉት መጣች። 12 ዓመት ሐይቁ ውስጥ ቆማ እንደ ጸለየች ይነገራል። በዓሏ ነሐሴ 24 ነው፤ ጣና ሊሞላ የሚቃረብበት፣ የፎገራ ሰው ሌሊት እየተነሣ የወንዙን ድምፅ የሚያዳምጥበት ሰሞን።

ይህች ሴት ሌላ ሰው ያልለመነውን ለመነች። ሰይጣንን ማርልኝ አለች፤ ሰይጣንና ፈጣሪው ቢታረቁ የአዳም ልጆች ከአሳቻቸው ያርፋሉ ብላ። ገድሉ እንደሚለው ክርስቶስ አልተቆጣትም። ፈቀደላት፤ ከፈለገ ይምጣ ብሎ ቅዱስ ሚካኤልን ከእሷ ጋር ወደ ሲኦል ላከው። ደርሳ ጠራችው፤ ታረቅ አለችው። እሱ ግን እምቢ አለ። እምቢ ማለት ብቻ አይደለም፣ እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ያወጣት የሚካኤል ሰይፍ ነው። ስትወጣም ባዶዋን አልወጣችም፤ ብዙ ነፍሳት እንደ ንብ ተከትለዋት ወጡ።

ይህን ታሪክ አንዳንድ የሃይማኖት ሰዎች እንደማይወዱት አውቃለሁ። ለሰይጣን ምሕረት የለም፣ ታሪኩ ትምህርተ ሃይማኖትን ይነካል ይላሉ። በእርግጥ በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ኦሪገን ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻ ወደ ፈጣሪው ይመለሳል ወደሚል ሐሳብ አዘንብሎ ነበር፤ የገዛ ከተማው ቤተ ክርስቲያን በኋላ ትምህርቱን አልተቀበለችውም። የጓንጉት ታሪክ ግን የኦሪገንን አይመስለኝም። ኦሪገን መጨረሻውን የሚያይበት አቅጣጫ ሁሉም ይመለሳል የሚል ነው፤ የክርስቶስ ሠምራ ታሪክ ደግሞ አንዱ አልመለስም ማለት እንደሚችል የሚናገር ነው።

ነገሩን ልብ በሉ። የለመነችው ቅድስት ናት፤ በልመናዋ ንጽሕና ላይ ጥርጥር የለም። የተለመነው አምላክ ሁሉን የሚችል ነው፤ እሱም እሺ ብሏል። መልአክ ተልኳል፣ በሩ ተከፍቷል። ከላይ የጎደለ የለም፤ ከለማኟም የጎደለ የለም። የቀረው የሦስተኛው ወገን ፈቃድ ብቻ ነበር፣ እሱንም ሁሉን ቻዩ አልሰበረውም። አንገቱን ይዞ አላመጣውም። ይህን የጻፉ አባቶች ስለ አምላክ ያሰቡት ይህ ነው፤ የፍጡሩን እምቢታ እንኳ የሚያከብር አምላክ። ያከበረውም አቅም አጥቶ አይደለም። ተገዶ የታረቀ አልታረቀምና ነው።

ጸሎቷስ ከንቱ ሆነ? በፍጹም። በመጀመሪያ እሷን ለወጣት። ለራሷ አገልጋይ ያልራራች ሴት ለጠላት ልትማልድ ሲኦል ድረስ ወረደች። ሁለተኛ፣ መንገድ ከፈተ፤ ያልታሰቡ ነፍሳት በዚያው በር ወጡ። ያልሆነው አንድ ነገር ነው፤ የሌላውን ምርጫ ከእጁ ነጥቃ ልትመርጥለት አልቻለችም። ጸሎት እስከየት እንደሚደርስና የት ላይ እንደሚቆም ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ መጽሐፍ የለም።

ከወረታ ተነሥቶ በርብ ድልድይና በአዲስ ዘመን አድርጎ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው እንፍራዝን ያገኛታል። ይህንኑ ጥያቄ በሌላ መንገድ ያነሣው፣ ሐተታ የተባለውን የፍልስፍና መጽሐፍ የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ የኖረባት ከተማ ናት። መጽሐፉ ስለ ራሱ እንደሚተርከው፣ አክሱም አካባቢ የተወለደው መምህር በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በካቶሊክና በተዋሕዶ ወገኖች መካከል በነበረው መከራ ተከስሶ ሸሸ፤ መዝሙረ ዳዊቱን ይዞ ዋሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ እንፍራዝ መጣ፤ ሀብቱ የሚባል ባለጸጋ ቤት ጸሐፊና የልጆች መምህር ሆነ፣ በዚያው ቤት አገልጋይ የነበረችውን ሒሩትን አገባ። በተማሪው በወልደ ሕይወት ልመና ሐተታውን በ1660 ዓ.ም. ጻፈ።

ስለ ደራሲው ክርክር አለ፤ አልፌው አልሄድም። መጽሐፉን በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ፓሪስ ወደነበረው የብራና መጻሕፍት ሰብሳቢ አንቷን ዳባዲ የላከው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ካፑቺን ነበር፤ እሱም የኖረው እዚሁ ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ቤተልሔም ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ጸሐፊው ራሱ መነኩሴው ነው አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ክላውድ ሳምነርና የእኛው ዓለማየሁ ሞገስ ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለዛሬው ጉዳያችን ግን የሚበቃን በመጽሐፉ ውስጥ ያለው ጥያቄ ነው።

ዋሻ ውስጥ ያለው ሰው አንድ ቀን ጸሎቱን ያቋርጥና ወደ ማን ነው የምጸልየው፣ የሚሰማኝስ አለ ወይ ብሎ ይጠይቃል። በጎ የሚባሉት ሰዎች የሚሠሩትን ክፋት አይቷል፤ ወገን ከወገን በሃይማኖት ስም ሲፋጅ አይቷል። አምላክ ካለና የሰው ጠባቂ ከሆነ ይህ ሁሉ ለምን? ያገኘው መልስ ሁለት ጎን አለው። ጆሮን የሠራ ራሱ ሳይሰማ ሊቀር አይችልም፤ ይህን ከዳዊት ነው የወሰደው። ሁለተኛው ደግሞ ሰው ለሥራው ራሱ ጌታ ሆኖ ተፈጥሯል፤ ጥሩ ሊሆንም ክፉ ሊሆንም የራሱ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የሰው ክፋት ለአምላክ አለመኖር ምስክር አይሆንም፣ ለአምላክ ፈቃድም ምስክር አይሆንም።

ስለ ዘርዐ ያዕቆብ የሚጽፉ ብዙዎች ከአውሮፓ ፈላስፎች ጋር ያስተካክሉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት ዴካርትን ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚነግረኝ ከስፒኖዛ ጋር ሲነጻጸር ነው። የስፒኖዛ የመጀመሪያው አወዛጋቢ መጽሐፍ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1670፣ በሐተታው ላይ ከተጻፈው ዓመት ጥቂት ብቻ ዘግይቶ ነው። ሁለቱም በተአምር ወሬ አይረኩም፤ ሁለቱም የፍጥረትን ሕግ ይመረምራሉ። ስፒኖዛ ጋ ግን አምላክና ተፈጥሮ አንድ ናቸው፤ የሚሰማ ጆሮ የለም፣ ነጻ ነኝ የሚለውም ሰው የተገፋበትን ምክንያት ስለማያውቅ ነው። የእንፍራዙ ሰው ያን ያህል መርምሮ፣ ጾምንና ምንኩስናን ሳይቀር ተችቶ፣ ጸሎቱን ግን አልተወም። ዳዊቱን ይዞ ገባ፣ ዳዊቱን ይዞ ወጣ። ተአምር የማይጠብቅ ሰው ለምን ይጸልያል? እኔ እንደማነበው፣ አእምሮው እንዲበራለትና ትክክለኛውን እንዲመርጥ ነው የሚለምነው። ስለ ጾምና ስለ መነኮሳት የጻፈውን አልጋራውም፤ ይህን ግን ከልቤ እቀበላለሁ።

የጓንጉቷ መነኩሲትና የእንፍራዙ መምህር በእምነት ብዙ አይገናኙም። አንዷ ከመልአክ ጋር ሲኦል የወረደች ናት፤ ሌላው ተአምርን የሚጠራጠር ነው። በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ፤ አምላክ ይሰማል፣ በሰው ፋንታ ግን አይመርጥም።

ወደ ሜዳው እንመለስ። ጎርፍ በመጣ ቁጥር «ቁጣ ነው» የሚል ድምፅ ይነሣል፤ አንዳንዴም ከመድረክ። እኔ ይህን አነጋገር በአምላክ ላይ የሚነገር ሐሜት አድርጌ ነው የማየው። ጉና ላይ ዛፍ የቆረጠው ማን ነው? ገደሉን ጭምር አርሶ አፈሩ በእያንዳንዱ ዝናብ ወደ ርብና ወደ ጉማራ እንዲወርድ ያደረገው ማን ነው? ደለሉ የወንዙን ወለል እያነሣ ከማሳው ጋር ሲያስተካክለው፣ የወንዙን ዳር እስከ ጫፉ ማረሳችንን ማን አዘዘን? በበጋ ለሽንኩርቱ ሞተር ለመትከል ዳሩን ቆርሶ፣ ክረምት ሲገባ ሳይደፍን የተወውስ? ዝናቡ ከላይ ነው፤ በዚህ ክርክር የለኝም። ዝናቡ በማን ቤት በኩል እንደሚያልፍ ግን በአብዛኛው የወሰንነው እኛ ነን። የራሳችንን ሥራ ቁጣ ብለን ለአምላክ ስናስረክብ፣ ንስሐ የገባን ይመስለናል እንጂ ከንስሐ ነው የሸሸነው፤ ያላጠፋው ሰው ምን ይናዘዛል?

የእምቦጭ አረም ጣናን በወረረ ጊዜ ያየሁት ነገር ደስ ያሰኘኝ ለዚህ ነው። የሐይቁ ዳር ገበሬ ምህላውንም ያዘ፣ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶም አረሙን በእጁ ነቀለ። አምላክ ይንቀለው ብሎ የተቀመጠ አልነበረም፤ እኛ እንበቃዋለን ብሎ ጸሎቱን የተወም አልነበረም። አረሙ አላለቀም፤ የዚያን ገበሬ ጸሎት ግን ሙሉ ጸሎት ብዬ እጠራዋለሁ። ለሁለቱ አማቾችም ያለኝ መልስ ከዚህ የራቀ አይደለም። ዝናቡን ለዝናቡ ባለቤት ይተዉት። የላይኛው ማሳ ውኃ በየት ወርዶ የታችኛው ረግረግ ላይ እንደሚተኛ ግን ሁለቱ ተነጋግረው ቦይ ሊያወጡለት ይችላሉ። አንዱ ይጨምር፣ ሌላው ይብቃ እያሉ የለመኑት አምላክ ምናልባት የሚጠብቀው ያን ንግግር ነው።

ከዝናቡ የሚብስ ልመና ግን አለን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን ውጊያ አለ። በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየመስጊዱ «ሰላም ስጠን» የማይባልበት ቀን የለም። እናቶች ይህን የሚሉት ከአንጀታቸው ነው፤ ልጃቸው በየትኛው ወገን እንደ ቆመ፣ በየትኛው መንገድ ላይ እንደ ቀረ እያሰቡ። ይህን ጸሎት አቅልዬ የምናገርበት አንደበት የለኝም። ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር፤ ሰላም እንደ ዝናብ ከላይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ዝናብ ፈቃድ የለውም፣ ሲላክ ይመጣል። ሰላም በሁለት ሰዎች ፈቃድ መካከል የሚሠራ ነው። ጓንጉት ላይ የተማርነው እውነት ከሆነ፣ አምላክ ሰላማችንን ከፈቀደ ቆይቷል። መልአኩም ተልኳል፤ በሩም ክፍት ነው። እምቢ ያለው ማን እንደሆነ እያንዳንዱ ወገን ራሱን ይጠይቅ።

እዚህ ላይ አንድ የሚቀርብልኝ መቃወሚያ አለ፤ ከባድም ነው። የሰው ፈቃድ ይህን ያህል የተከበረ ከሆነ የተበደለው ምን ያድርግ? በሌላው ምርጫ ቤቱ የተቃጠለበት፣ በሌላው ምርጫ ልጁ የተቀበረበት ሰው፣ አምላክ የገዳዩን ነጻነት አከበረ ቢባል ምን ይጽናናል? በዚህ ጥያቄ ፊት አፌን ሞልቼ አልናገርም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ በክርስቶስ ሠምራ ታሪክ ውስጥ የሰይጣን እምቢታ ተከብሯል፤ እሷን ጎትቶ ሊያስቀር ሲል ግን ሰይፍ ተመዝዞበታል። ነጻነት የራስን እምቢ ማለት እንጂ ሌላውን ይዞ መስመጥ አይደለም። የተያዘውን ማስለቀቅ፣ ያጠፋውን መጠየቅ፣ ለተበደለው መፍረድ ከጸሎቱ ጋር የሚጣላ ነገር የለውም፤ የጸሎቱ ሥራ ነው።

ስለዚህ የምህላ ቀን ለሚያውጁ አባቶቻችን፣ ለመስጊድ ኢማሞቻችን፣ ለአገር ሽማግሌዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ምህላው ሲታወጅ ሥራውም አብሮ ይታወጅ። ለዝናብ በተለመነ ማግስት ቦይ የሚጠረግበት፣ የወንዝ ዳር የሚደፈንበት፣ ጉና ላይ ችግኝ የሚተከልበት ቀን ይቆረጥ። ለሰላም የሚለመን ከሆነ ደግሞ ከምህላው ሜዳ ተነሥተው በቀጥታ ወደ ተጣላው ሰው ደጅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች እዚያው በሕዝቡ ፊት ይመረጡ። እምቢ ሊባሉ ይችላሉ። እምቢ ቢባሉም ይመለሱ፤ ደግመውም ይሂዱ።